እቴጌ ኩርፌ ሪዶክስን ከቦርድ ላይ የማረከችበት ቀን

ማስቲካ የምታኝኩ ከጉንጫችሁ ሥር ደብቁት፣ ከኋላ የምትንሾካሾኩ ለአንዴ ዝም በሉ፣ ወንበር የምታንቋቁ እግራችሁን ሰብስቡ፤ ይህ የእቴጌ ኩርፌ ዜና ነው፣ እኔ የዴስክ ጓደኛዋና ጸሐፌ ትእዛዟ ዓይኔ እያየ የጻፍኩት!

በነገሠች በዘጠነኛ ክፍል ዘመኗ፣ እስክሪብቶዋን አኝኬ ስመልስላት ከተነሣው ከታላቁ ኩርፊያ በኋላ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳስ ሳያቀብሏት ቀርተው ከተነሣው ከመካከለኛው ኩርፊያም በኋላ፣ ለምን እንዳኮረፈች እሷ ራሷ በረሳችው በትንሹ ኩርፊያ ወራት ይህ ሁሉ ሆነ።

ኩርፌ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፣ ክፍሉ ነው ያወጣላት፤ ምክንያቱም ልጅቷ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብላ አታኮርፍም፣ እንደ ሙያ ነው የያዘችው። መጀመሪያ የታችኛው ከንፈሯ ይወጣል፣ ፊቷ ይከተለዋል፣ አንገቷ ወደ መስኮት ይዞራል፣ ቦርሳዋ ዴስኩ መሃል ላይ እንደ ድንበር ይተከላል፣ ከዚያ በኋላ ላጲስ ለመዋስ እንኳ አማላጅ ያስፈልጋችኋል። ለዜናዋ ክብር ስል በ«አንቱ» ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ግን ለሙከራ አንቱ ያልኳት ጊዜ በቦርሳዋ ስለመታችኝ ትቼዋለሁ።

ዙፋኗም ከኋላ ያለችው የመስኮቷ ዴስክ ነበረች፣ የእኔና የእሷ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጭናችን ላይ የምትወርድባት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት በር ወለል ብሎ የሚታይባት። እኛም እዚያ ተቀምጠን ዓመቱን ሙሉ አንድ ትልቅ ጥናት ስናጠና ከረምን፤ ማን ምን ሆና ገባች፣ ምን ሆና ወጣች። ተንጨባርራ ገብታ ተተኩሳ የወጣች አለች፣ ጥቁር ገብታ ቀይ የወጣች አለች፣ እየሳቀች ገብታ እያለቀሰች የወጣችም አለች፣ እሷን መቼም አንረሳትም፣ ነፍሱን ይማር ያ ፀጉር። መምህራን ግን ይህን ጥናት «መስኮት ማየት» ይሉታል። ዕውቀት ሁልጊዜ ጠላት አያጣም።

ወእምዝ፣ ማለትም ከዚያማ፣ የኬሚስትሪው ቲቸር በእኛ ላይ ዘመተ። እኛ ቲቸር ጋዋን ነው የምንለው፣ የነጭ ጋዋኑን ቁልፎች ሁልጊዜ አንድ ዘሎ ስለሚቆልፍ አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነገረው ሰው የለም፣ እኛም አንነግረውም። ያን ጊዜ ሪዶክስ የሚባለውን ምዕራፍ ጨርሶ ነበር፣ ማለትም እሱ ጨርሶ ነበር፣ እኛ አልጀመርንም። ደብተሩንም በክንዱ አቅፎ ከቦርዱ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ነገ አንድ ሰው ቦርድ ላይ ይወጣል! ሦስት ሪአክሽን እጽፋለሁ። የትኛው ሪዶክስ እንደሆነ ለይቶ፣ ለምን እንደሆነም ያስረዳኛል። ያላስረዳኝ ዓመቱ እስኪያልቅ ፊት ወንበር፣ ከማይክራፎን ጎን! ማን እንደሚወጣ አልናገርም። ብቻ መስኮት መስኮት የምታይ አንዲት ልጅ አለች፣ ራሷን ታውቃለች።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። እሷ መስኮት እያየች ነበር።

ማይክራፎን ማን እንደሆነ ላላወቃችሁ፣ የክፍላችን አንደኛ ነው፣ መጽሐፉን ከነገጽ ቁጥሩ የሸመደደ ልጅ፣ ሲናገር ድምፁ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይደርሳል፣ ምራቁ ደግሞ ጎረቤት ዴስክ ይደርሳል። ከእሱ ጎን የተቀመጠ ሰው በጠራራ ፀሐይም ዣንጥላ ያስፈልገዋል። ስለዚህም ነገሩ የማርክ ነገር አልነበረም፣ በማርክማ ስንቴ ወድቀን ተነሥተናል! ነገሩ እኔና ኩርፌ ልንለያይ ነው፤ እሷ ፊት በዝናቡ፣ እኔ ኋላ ብቻዬን፣ ከፀጉር ቤቱ አንዷ ጉድ ሆና ስትወጣ በክርኔ የምጎሽመው ሰው አጥቼ። ኧረ በናታችሁ ሳስበው ራሱ!

እኛን ያቃተን አንድ ቃል ነበር። ቲቸር ጋዋን እንዳስተማረን፣ ሪዶክስ ማለት አንዱ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል ነው፤ የሰጠው ኦክሲዳይዝድ ሆነ ይባላል፣ የተቀበለው ደግሞ ሪዲውስድ ሆነ፣ እሱም እንዲገባን ብሎ ወደ አማርኛ መልሶት «ተቀነሰ» አለን። ጦራችን የተሰበረው እዚህች ጋ ነው። ተቀብሎ እንዴት ይቀንሳል? እኔ ኬክ ብቀበል እቀንሳለሁ? ማይክራፎን ጭብጨባ ተቀብሎ ቀንሶ ያውቃል? ቲቸር ጋዋንን ስንጠይቀው «እንደተጻፈው ያዙት» ብሎ ነገሩን በዳስተር አጠፋው።

ማይክራፎንም ጭንቀታችንን አይቶ ከወንበር ላይ ቆመና ለክፍሉ ሁሉ አወጀ፦ «ለምን ታካብዳላችሁ? ኦክስጅን ካለ ኦክሲዴሽን አለ! ኦክሲዴሽን ካለ ሪዶክስ ነው! ስሙ ራሱ ይናገር የለ እንዴ? በቃ!» የቀረበው ፊቱን ጠረገ፣ የራቀው መዳፉ ላይ ጻፈው፣ ሕዝቡም ሁሉ በዚህ ሕግ ተገዛ።

በዚያ ቀን ከሰዓት ኩርፌ ቤቷ ሄዳ ለጦርነቱ ልትሰናዳ ስትነሣ አብረዋት የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ እኔ፤ ደግሞ ማስቲካ የምንላት፣ «አይዞሽ እኔ አለሁልሽ» ብላ ታክሲው ጋ ስንደርስ የጠፋችው፤ ደግሞ ራዲዮ የምንላት፣ እስከ በራቸው ተከትላ መጥታ «እስቲ ስትሸነፍ ምን እንዳለች ንገሪኝ» ብላኝ የተመለሰችው። ስለዚህ ሠራዊቱ ተቆጥሮ እኔ ሆንኩ።

የኩርፌ ቤት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተን ተቀመጥን። ጢንጦ፣ ትንሿ እህቷ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆና በኩርፌ እርሳስ ወለሉ ላይ ፈረስ ትሥላለች። ወእምዝ በሩ ተከፈተና እናትየው ገባች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ «ያለ ማዘዣ ስጪኝ» ከሚላት ሰው ጋር ስትከራከር ውላ፣ ፊቷ ላይ የዚያ ሁሉ ሰው ኩርፊያ ተጠራቅሞ ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ይሄ ቤት ነው መናኸሪያ? ብርጭቆው እዚህ ለምን ቆመ? ያ ጨርቅስ ማንን ይጠብቃል? አንቺ ልጅ፣ ፀጉርሽን ደግሞ በምን አበጠርሽው፣ በሹካ? ጓደኛሽ እንኳ ስንት ንጹሕ ልጅ ናት!»

ንጹሕ ልጅ ያለችኝ እኔን ነው። ይህ በታሪክ ይመዝገብልኝ።

እናትየው ይህን አራግፋ ጫማዋን አወለቀች፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ ፈካ፣ ይባስ ብላ እያንጎራጎረች ወደ ጓዳ ገባች። የኩርፌ ከንፈር ግን ወጣ። ዞር አለችና ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ «እርሳሴን ማን ንኪ አለሽ! ይሄ ደግሞ ፈረስ ነው? ወንበር ነው የሚመስለው!» ብላ በጢንጦ ላይ ነጎደች፣ ወዲያውም የእሷ ከንፈር ተመለሰ፣ የጢንጦ ወጣ፣ ጢንጦም ተነሥታ ሄዳ የመኝታ ቤቱን በር ጓ! አደረገችው። በሩ የሚያስተላልፍለት ሰው ስላልነበረው እዚያው ይዞት ቀረ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሃል ከደብተሬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር፣ አንድም ሳይገባኝ፦ «ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ነው፤ የሰጠው ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የተቀበለው ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል።»

ኩርፌ ጠረጴዛውን መታችው። ብርጭቆው ዘለለ። እንዲህም ብላ አወጀች፣ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ኬክ አይደለማ! ኩርፊያ ነው! ኤሌክትሮን ማለት ኩርፊያ ነው! ማሚ እኔ ላይ አራገፈችው፣ እሷ ፈካች፣ እኔ ወረድኩ። እኔ ጢንጦ ላይ ለጠፍኩት፣ እኔ ፈካሁ፣ እሷ ወረደች። ማይነስ የተቀበለ ሰው አይቀንስም እንዴ ታዲያ!»

እናቷ ከጓዳ አንገቷን አውጥታ «ማን ነው የወረደው? ደግሞ ምን ሰበራችሁ?» አለች። ምንም አልሰበርንም። ሰበርን ከተባለም የቲቸር ጋዋንን ምዕራፍ ነው።

ማግስቱም ደረሰ። ቲቸር ጋዋን በአንድ ከፍ ባለ ትከሻና በአንድ ዝቅ ባለ ትከሻ ገብቶ፣ አዲስ ቾክ ሰብሮ፣ ሦስቱን ጦር ቦርዱ ላይ አሰለፈ። አንደኛው፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተገናኝተው ጨውና ውሃ ሆኑ። ሁለተኛው፦ ሲልቨር ናይትሬት ከጨው ተገናኝቶ ሲልቨር ክሎራይድና ሶዲየም ናይትሬት ሆኑ። ሦስተኛው፦ ሶዲየም ብቻውን፣ ክሎሪን ብቻውን መጥተው ተገናኙና ጨው ሆኑ። ከዚያም ጣቱን ወደ መስኮታችን አነጣጠረ። ጣቱ እኔንም ስለነካኝ ለጥቂት ጊዜ ሞቼ ነበር።

ኩርፌ ተነሣች። ከኋላ እስከ ቦርዱ ያለው መንገድ ያን ቀን ረዘመ፣ ሕዝቡም ግራና ቀኝ ሆኖ ሙድ ይዞባት ነበር። ራዲዮ «ዣንጥላ ይግዙላት!» አለች። ማስቲካ «ሻንጣሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እንዳትመላለሺ» አለች። ማይክራፎን አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ ጠረገላት፣ ጠርጎም ሲያበቃ መልሶ አረጠበውና «አንደኛው ነው! ኦክስጅን አለበት! ሁለተኛውም ነው! ኦክስጅኑ ሦስት ነው! ሦስተኛው አይደለም፣ ምንም ኦክስጅን የለበትም!» ሲል ነጎደ፣ ክፍሉም ሁሉ መዳፉን አይቶ «ልክ ነው! ልክ ነው!» አለ።

እሷ ግን ቾኩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ፊቷን ከቦርዱ መልሳ መስኮቱን አየች። ቲቸር ጋዋን «ይኸው! አሁንም መስኮት!» ብሎ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

እኔ ግን ምን እንዳየች አውቃለሁ፣ እኔም እያየሁ ነበርና። ከፀጉር ቤቱ ሁለት ሴቶች ወጡ፣ ቅድም ሲገቡ ያየናቸው። አንደኛዋ ከእህቷ ጋር ነበር የገባችው፣ ሁለተኛዋ ከጎረቤቷ ጋር፤ አሁን እህትና ጎረቤት ውስጥ ቀርተው ሁለቱ ተያይዘው እየሳቁ ወጡ። ፀጉራቸው ግን ያው ነው። አንድም ዘለላ አልተነካም። ለወሬ ነበር የገቡት።

ኩርፌ ዞረችና ቾኩ እስኪጮኽ መጻፍ ጀመረች። በእያንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ሲገባ የነበረውን ቁጥር፣ ከቀስቱ ማዶ ደግሞ ሲወጣ ያለውን ቁጥር አሰፈረች፣ ጨርሳም ወደ ሕዝቡ ዞራ አወጀች፦

«ስሙኝ! አንደኛው ላይ ሃይድሮጅን ፕላስ አንድ ገባ፣ ፕላስ አንድ ወጣ። ኦክስጅን ማይነስ ሁለት ገባ፣ ማይነስ ሁለት ወጣ። ሶዲየሙም ክሎሪኑም ያው እንደገቡ ናቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ኦክስጅኑ ሦስት ሆነ ሠላሳ፣ ፊቱን ካልቀየረ ምን አገባኝ? እነዚህ ጓደኛ ተቀያየሩ እንጂ ማንም ማንንም አላስኮረፈም፤ ለወሬ ገብተው የወጡ ናቸው! ሦስተኛውን እዩ። ሶዲየም ብቻውን ሲመጣ ዜሮ ነበር፣ ፕላስ አንድ ሆኖ ወጣ፣ ማይነሱን አራገፈ። ክሎሪንም ዜሮ መጣ፣ ማይነስ አንድ ሆኖ ወጣ፣ ተለጠፈበት። ያራገፈ አለ፣ የተለጠፈበት አለ። ሪዶክስ እሱ ነው!»

ማስቲካ ማስቲካዋን ዋጠች። የማይክራፎን አፍ ተከፈተ፣ ምንም ግን አልወጣም፣ ይህም በዘመነ ኩርፌ ከሆኑት ተአምራት አንዱ ነው። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

ቲቸር ጋዋን ቦርዱን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ቦርዱን አየ። «ትክክል» አለ። ክፍሉ ፈነዳ፣ እኔ ዴስኩ ላይ ወጥቼ ነበር፣ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም! እሱ ግን እጁን አንሥቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ስናውቀው ፈገግ ብሎ የማያውቀው ሰው ፈገግ ብሎ ሌላ አዋጅ አወጀ፦

«እንዲህ ያለ ጭንቅላት ኋላ ተቀምጦ መባከን የለበትም! ከዛሬ ጀምሮ ፊት ወንበር! ከማይክራፎን ጎን!»

አያችሁ ጉዱን? ብትሸነፍ ቅጣቷ ፊት ወንበር፣ ብታሸንፍ ሽልማቷ ፊት ወንበር። እኔ ዴስኩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ፊቴን አላየሁትም፣ ግን ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

ኩርፌ አየችኝ። ከንፈሯ አልወጣም። አኮርፋ ዝም ልትል ትችል ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ያደረገችው እሱን ነበርና፤ ያን ቀን ግን ቾኩን እንደ ያዘች ወደ እኔ አመለከተችና አወጀች፦ «ቲቸር፣ የቦታ መቀያየር ብቻ ከሆነ የማንም ፊት አይቀየርም ብለናል አይደል? እስቲ የእሷን ፊት ይዩልኝ። ስትገባ ምን ነበረች? አሁን ምን ሆነች?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከዚያም ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፣ ማንም ሳያስጠናው፣ መዳፉን ሳያይ፣ «ሪዲውስድ!» ብሎ ጮኸ። ምዕራፉ ከተጀመረ ጀምሮ ክፍላችን በራሱ የመለሳት የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ናት።

ቲቸር ጋዋን ሳቁን እየዋጠ «ታዲያ ያራገፈባት ማነው?» አለ። ኩርፌም በአክብሮት፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ነዎት ቲቸር፣ ፊትዎ እኮ እንዴት እንደበራ!» አለች።

ሳቁ ሲበርድ ቲቸር ጋዋን ዓይኑን ጠርጎ የመጨረሻውን አዋጅ አወጣ፦ «እኔ ያወጅኩትን አላጥፍም። አንቺ ብቻ ምረጪ። ከመስኮቱ ጋር እዚያው መቆየት ከፈለግሽ በአንቺ ምትክ እሷ ፊት ትምጣ። ከእሷ ጋር መሆን ከፈለግሽ ሁለታችሁም ፊት ትመጣላችሁ፣ ማይክራፎን ኋላ ይሄዳል።»

ወይኔ! ፀሐይዋ ዴስካችን ላይ ነበረች። ከማዶ የፀጉር ቤቱ በር እንደገና ሊከፈት ሲል መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ኩርፌ መስኮቱን አንዴ አየችው። ከዚያ ወደ ኋላ መጥታ የራሷን ቦርሳ በአንድ ትከሻ፣ የእኔን ቦርሳ በሌላ ትከሻ አንጠልጥላ፣ «ነይ ውረጂ ከዚያ፣ ትወድቂያለሽ» አለችኝ።

ማይክራፎን «እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለ፣ ዕቃውን እያዝረከረከ ኋላ ሄደ። ሄዶም ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጭኑ ላይ ወረደች። በመስኮቱ አንዴ ወጣ ብሎ አየ፣ ሁለቴ አየ፣ ከዚያም «እንዴ! ያቺ ሴትዮ ቅድም ጥቁር አልነበረችም እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ፊቱም ፕላስ አንድ ሆነ። ምንም ሳይዋጋ የተሸለመ እሱ ብቻ ነው፣ ይህንንም ዜና ጸሐፊዋ በቁጭት ትመዘግባለች።

እኛም ፊት ወንበር ተቀመጥን፣ በቾኩ ብናኝ ሥር። በመጀመሪያው ትምህርት ቲቸር ጋዋን ስሜቱ መጥቶ «ኤሌክትሮን!» ሲል ሁለታችንም ፊታችንን ጠረግን። ለካስ ማይክራፎን ከማን እንደተማረ አሁን ነው የገባን።

ስለዚህም ጽፌአለሁ፦ ይህች ኩርፌ ናት፣ የማይነስን መንገድ ያየች፣ መዳፍ ላይ የተጻፈውን ሕግ የሻረች፣ ኬክን ከኩርፊያ የለየች፣ በእናቷ ወጥ ቤት ኬሚስትሪን ያገኘች፣ ቲቸርን በገዛ ቾኩ የማረከች፣ የፀሐይዋንና የፀጉር ቤቱን ግዛት ስለ እኔ የለቀቀች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ ስታራግፍብኝ ኖራ፣ ያን ቀን የእኔን የወሰደችልኝ። ቦርሳዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴስኩ መሃል አልተተከለም። ከሥር ነው ያለው፣ ከእኔው አጠገብ፣ ዣንጥላውም ውስጡ ነው።